የአድማሴ የሰርግ ምንሽር

አድማሴ በዕድሜው አንዲት ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ይህን ከመነሻው መናገር ግድ የሚለው፣ ከአምስተርዳም እስከ ሮተርዳም፣ ከዴን ሃግ እስከ ዞተርሜር ባለው አበሻ ዘንድ ስሙ ሲነሳ «ያ ተኳሹ» ስለሚባል ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ እየፎከረ ጠላት ሲፈጅ ኖሯል። የፈጀው ጠላት ሁሉ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ሆላንድ ውስጥ መቀበሪያ አይገኝለትም ነበር፤ እዚህ አገር መቃብር እንኳ በኪራይ ነው፣ ውሉ ሲያልቅ ሬሳውም ይለቃል።

በሥራ ቀን ፎካሪው ትራም ያጸዳል። ትራሙ ዴን ሃግ ጫፍ ያለው የመጨረሻ ማቆሚያ ደርሶ እስኪመለስ ያለችው ስድስት ደቂቃ የእሱ ናት። በእሷ ውስጥ ጋዜጣውን፣ የቡና ኩባያውን፣ ማዮኔዝ የተለቀለቀውን የድንች ጥብስ ከወንበር ሥር እየለቀመ ከበር እስከ በር መድረስ አለበት። ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና፤ እንዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። መነኩሴ በሑዳዴ ያልሰገደውን ስግደት እሱ ለድንች ጥብስ ሰግዷል። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ደረጃ ሲወርድ ቀኝ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ለቤተሰብ ሐኪሙ ሲነግር ፓራሲታሞል ታዘዘለት። በዓመቱ ሁለቱም ጉልበቶቹ መሆናቸውን ሲነግር ሁለት ፓራሲታሞል ታዘዘለት።

ዘንድሮ በመጋቢት መቀመጫ ተገኘለት። ሥራ ተገኘለት ማለትም ይቻላል፣ ለእሱ ግን ነገሩ መቀመጫው ነው። አካል ጉዳተኛ ልጆችን በሚኒባስ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ አንድ ድርጅት ረዳት ይፈልጋል፤ ረዳቱ ልጆቹን ያሳፍራል፣ ቀበቷቸውን ያስራል፣ ከዚያ አብሯቸው ይቀመጣል። መቀመጡ ውሉ ላይ ተጽፏል። አድማሴ ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አስነብቧታል። የቀጣሪዋ ሴትዮ ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ ቬኦኼ። ሆላንድ የሚኖር አበሻ ይህችን ቃል ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ያውቃታል፤ መንግሥት መዝገብ አገላብጦ «ይህ ሰው ለዚህ ሥራ የሚያሰጋ ጥፋት የለበትም» ብሎ የሚሰጠው የመልካም ጠባይ ወረቀት ነው። ማመልከቻው ገብቷል፣ መልሱ ሳምንታት ይፈጃል።

«እስከዚያ ከፖሊስ ጋር ምንም እንዳይገጥምህ» አለችው ሴትዮዋ፣ እንደ ቀልድ።

አድማሴም ሳቀ። እሱና ፖሊስ በዚህ ሁሉ ዘመን የተገናኙት አንዴ ብቻ፣ ብስክሌቱ ሲሰረቅ ነበር።

ምንሽሩ ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። የሠራው መሳይ የሚባል፣ ስኪዳም ብረታ ብረት ቤት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ነው፤ ኋላ ሚስቱን ተከትሎ ወደ ማንችስተር ሄዷል። ሰደፉ የምግብ ጠረጴዛ እግር ነበር። አፈሙዙ የማሞቂያ ቧንቧ ነው። መቀባበያውን መሳይ ሦስት ቅዳሜ ለፍቶበታል፤ ሲስቡት «ቀጭ»፣ ሲመልሱት «ቋ» ይላል። አድማሴ ፉከራው መሃል ደርሶ ሲስበው ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ድንበር ረግጠው የማያውቁ ወንዶች ደረታቸውን ይነፋሉ። ይህን ዕቃ በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልሎ በትራም፣ በሜትሮ፣ በባቡር እነዚያን ከተሞች ሁሉ አዙሮታል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጨንቀው ካርዱን መግቢያው ላይ ማስነካቱን የረሳ እንደሆነ ብቻ ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ውስጥ፣ ከአበሻው ማኅበር አዳራሽ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ሦስት ጥይት ተተኮሰ። የቆሰለ ሰው አልነበረም። ሆኖም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሊቀመንበሩ አሸናፊ ነው። ወደብ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ከረባት የሚያስረው ግን ለማኅበሩ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ለሦስት ወር ጊዜያዊ ሊቀመንበር ሆኖ ተመርጦ ነበር።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ጉዳዩ ሥር የሰደደ መሆኑን አስረዳ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ማንኛውም ጎረምሳ መታወቂያ አሳይቶ ከገበያ አዳራሽ ጠመንጃ እንደሚገዛ ገለጸ።

«የት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቴክሳስ።»

ተጨበጨበ። ሁለተኛው ተናጋሪ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ በቃሉ ወጣው። ሦስተኛው በአተረጓጎሙ ላይ ተቃወመው። አራተኛው ሁለቱንም ትቶ ሴኔቱን ወቀሰ። አዳራሹ ውስጥ የአሜሪካን የጦር መሣሪያ ሕግ ከነትርጓሜው የሚያውቅ ቢያንስ ሃያ ሰው ነበር፤ ሁሉም የተማረው ከስልኩ ነው። የሚኖርበት አገር ምን እንደሚል የጠየቀ ግን አልተገኘም። ሰፊው ሕዝባችን ከሆላንድ ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቀው የቤት ኪራይ ድጎማውን ነው፤ እሱን ከነአንቀጹ ያውቀዋል።

ከዚያ ውድነሽ ተነሳች። አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ፣ በመጀመሪያው ባቡር የምትሄድ ሴት ናት። «እኔ ሴኔት ምናምን አላውቅም» አለች። «በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ፤ እፈራለሁ። ሕግ ይውጣልን። ይኸው ነው።» በዚያን ቀን ከተነገረው ሁሉ እውነት የነበረው ይህ ስለሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

አሸናፊ የአቋም መግለጫውን አወጣ። መግለጫው ከስብሰባው በፊት ተጽፎ ያደረ ነው፣ እንደ ወጉ። ሰባት ነጥብ አለው። «ነጥብ አንድ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «የሆላንድ መንግሥት የጦር መሣሪያ መያዝን የሚከለክል ሕግ በአስቸኳይ እንዲያወጣ እንጠይቃለን።»

«አለ'ኮ፣ አባዬ።»

የተናገረችው የገዛ ልጁ ሐምራዊት ናት። አምስተርዳም ጠበቆች ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ሰርጓ ለመጪው ቅዳሜ ነው፤ ወደ አዳራሹም የመጣችው ስለ ወንበር ኪራይ ልትጠይቅ ነበር።

«ምኑ ነው ያለው?»

«ሕጉ። እኔ ሳልወለድ የወጣ ነው።»

«ልጄ፣ እሱ በጥቅሉ ነው። እኛ የምንጠይቀው ዝርዝሩን ነው።»

«ዝርዝርም አለው። ላንብብ?» ስልኳን አውጥታ እያነበበች በአማርኛ ትነግራቸው ጀመር፣ ቃል ሲጠፋት በደች እየሞላች። ያለ ፈቃድ ማንም ሽጉጥም ጠመንጃም መያዝ አይችልም። ለስፖርት የሚተኩስ ሰው እንኳ የክበብ አባል ሆኖ ከፖሊስ ፈቃድ ማውጣት አለበት። አንዳንድ ዓይነት ቢላዋ ክልክል ነው። ዓይን ላይ የሚረጨው የበርበሬ ርጭትም ክልክል ነው። እዚህ ላይ ውድነሽ ቦርሳዋን ቀስ ብላ ዘጋች፤ ውስጡ ያለችው ርጭት ከጀርመን ያስመጣቻት ናት።

«እና ደግሞ» አለች ሐምራዊት፣ «ጠመንጃ የሚመስል ነገር። እውነተኛ ባይሆንም። ሰው ለማስፈራራት እስኪበቃ ከመሰለ እሱም መሣሪያ ነው። ጌዎን፣ እንዲሁ ቤት ውስጥ ማስቀመጡም ክልክል ነው።»

አሸናፊ ለማሰቢያ ጊዜ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። «እንደ ተጨማሪ ነጥብ እንያዘው። ነጥብ ስምንት፤ ጠመንጃ የሚመስል ነገርም እንዲከለከል እንጠይቃለን።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አድማሴም አጨበጨበ። ማጨብጨቡን ሳይጨርስ ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለው ነገር ትዝ አለው፤ እጆቹም እንደተጋጠሙ ቀሩ።

ከስብሰባው በኋላ ሐምራዊትን ውጭ፣ ከብስክሌት ማሰሪያው አጠገብ አገኛት።

«ሐሙዬ፣ ያ ያልሽው የሚመስል ነገር… የእንጨትስ ቢሆን?»

ቀና ብላ አየችው። ይህች ልጅ ስትወለድ ጀምሮ ያውቃታል፤ «ጋሼ» ትለዋለች፣ ከዚያ «አንተ» ትላለች። ሆላንድ ያደገ ልጅ እርስዎን የሚያውቀው ለጥርስ ሐኪም ነው፤ አድማሴም ቅር ማለቱን ከተወው ቆይቷል።

«ጋሼ፣ የአንተን ነው የምትለው? ያ ቀጭ የሚለውን?»

«እሱን።»

«አንተ እሱን ሜትሮ ውስጥ ይዘኸው ትገባለህ አይደል።»

«ተጠቅልሎ ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። «አንድ ሰው ደውሎ 'ጠመንጃ የያዘ ሰው አለ' ቢል፣ ማን መጥቶ እንጨት ነው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል? መጀመሪያ መሬት ላይ ያስተኙሃል፣ ከዚያ ነው የሚጠየቀው። ከዚያ ክስ አለ፣ መዝገብ አለ።»

«ቬኦኼ አስገብቻለሁ» አለ አድማሴ። ድምፁ ከጉልበቱ ሥር የወጣ ይመስል ነበር።

«እንግዲያው አትንካው። አትሸከመው። ለፖሊስ ደውልና ራሳቸው መጥተው ይውሰዱት። ሰርጌ ላይ ደግሞ ባዶ እጅህን ና፤ እኔ ደስ ይለኛል። አባዬ ግን እንደማይሰማኝ ታውቃለህ።»

አባዬ አልሰማም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ደወለ።

«አድሜ፣ ይቺ ልጅ አስፈራራችህ አሉኝ።»

«ሕጉን ነገረችኝ እንጂ።»

«ሕጉ ለወሮበላ ነው። የአንተ ባህል ነው። የሙሽራው ወገኖች ከስዊድን ነው የሚመጡት፤ ምንሽር ያለው ፎካሪ አለን ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን በጭብጨባ ላስገባህ ነው?»

«ወረቀት እየጠበቅሁ ነው፣ ሊቀመንበር። ያቺን ሥራ ካጣሁ ትራሙ ላይ ነው የምሞተው።»

«እሺ፣ አትሸከመው። ሐሙስ ማታ በመኪናዬ መጥቼ እኔው እወስደዋለሁ። አንተ ቅዳሜ ከእኔ እጅ ትቀበላለህ፣ ትፎክራለህ፣ ትመልሳለህ። አሥር ደቂቃ።» ዘጋው። የነጥብ ስምንት ደራሲ ነጥብ ስምንትን በመኪናው የዕቃ መጫኛ ሊጭን ቀጠሮ ያዘ።

ጸሐይወርቅ፣ የአድማሴ ሚስት፣ ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ሰማች። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ ስታነሳ ውላ ማታ ደግሞ የራሷን ማንሳት ደክሟታል።

«ቆርጠህ ጣለው» አለች።

«መሳይ ሦስት ቅዳሜ የለፋበትን?»

«መሳይ ማንችስተር ነው። አንተ ነህ እዚህ ያለኸው። ሐሙስ ያ ሰው መጥቶ በር ላይ ሲቆም አንተ እምቢ ትላለህ? ሃያ ዓመት እምቢ ብለኸው ታውቃለህ?»

አያውቅም። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ማክሰኞ መፍትሔ መጣለት። አባቱ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ወረዳ ሄደው ቁጥሩን አስመዝግበው፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተቀብለው፣ ያንን ወረቀት ከዳዊታቸው ጋር ያስቀምጡ ነበር። መሣሪያ የሚያስጠይቀው ያልተመዘገበ እንደሆነ ነው፤ የተመዘገበ መሣሪያ ክርስትና እንደተነሳ ልጅ ነው። ታዲያ የእንጨቱን ማስመዝገብ ምን ገደደው? ወረቀቱን ያወጣል፣ ቅዳሜ በሕግ ይፎክራል፣ መቀመጫውንም ያገኛል። ሐምራዊት ፖሊስ ጋ ደውል ነበር ያለችው። ደህና ሰው ግን ፖሊስ አይጠራም፤ ወረዳ ነው የሚሄደው።

ረቡዕ ፈቃድ ወስዶ ዞተርሜር ያለው ኸሜንተ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ገባ። ከማሽኑ ቁጥር ወሰደ። የመረጠው «ሌላ ጉዳይ» የሚለውን ነው። ተራው ሲደርስ መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረገች ደግ ፊት ያላት ሴት ነበረች።

«ምን ልርዳዎት?»

«ጠመንጃ ማስመዝገብ ፈልጌ ነው።»

ጣቶቿ ከመክተቢያው ላይ ተነሱ። «ጠመንጃ።»

«የእንጨት ነው።»

«የእንጨት ከሆነ ለምን ያስመዘግቡታል?»

«እውነተኛ ስለሚመስል።»

ሴትዮዋ የያዘውን ቦርሳ አየች። «አሁን ይዘውት ነው?»

«ይሄ ምሳዬ ነው።»

ይህን ስትሰማ የባሰ ተጨነቀች፤ የምትሰማው ነገር ሁሉ ትክክል ነው፣ አንድ ላይ ሲሆን ግን ደስ አይልም። በየት በኩል እንዳዘዘችው ሳያይ አንድ ግዙፍ የጥበቃ ሠራተኛ ትከሻው አጠገብ ቆመ። «ቦርሳውን ይከፍቱልኛል?» አለ። አድማሴ ከፈተው። የምሳ ዕቃውንም ከፈተው። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ የሽሮ ፍርፍሩን መረመረ፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ጌታዬ፣ እዚህ የጦር መሣሪያ የሚመዘግብ የለም» አለች ሴትዮዋ ከመስታወቱ ጀርባ። «እንዲህ ያለውን ነገር መመዝገብም አይቻልም። ክልክል ነው። እዚህ ቁጥር ላይ ይደውሉ።» የፖሊስ ቁጥር ነበር፤ የማያስቸኩል ጉዳይ የሚነገርበት።

አድማሴ የኸሜንተው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጥበቃው ራቅ ብሎ ያየዋል። ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለውን አሰበ፣ ሐሙስ ማታን አሰበ፣ አሸናፊ በር ላይ ቆሞ «አድሜ» ሲለው አሰበ። ቤት ከገባ እንደማይደውል ያውቃል። እዚያው ደወለ። ስሙን፣ አድራሻውን፣ የልደቱን ቀን ነገረ፤ እንዳይነካው፣ እንዳያንቀሳቅሰው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት እንዲጠብቃቸው ተነገረው። ለጉልበቱ አፍስፕራክ፣ ማለትም የሐኪም ቀጠሮ፣ ሦስት ሳምንት የጠበቀ ሰው ነው፤ ለጠረጴዛው እግር ሁለት ሰዓት አልፈጀም።

ሁለት ሆነው መጡ፤ አንዲት ፀጉሯን የጎነጎነች ወጣት ፖሊስና አንድ ጠና ያለ ባልደረባዋ። አድማሴን እጁን እንዲያሳያቸው፣ ከሳሎኑ መሃል እንዲቆም ጠየቁት። ጸሐይወርቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ወጣቷ ጓንት አጥልቃ ምንሽሩን ከግድግዳው አወረደች፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠችው፣ መቀባበያውን ሳበች። «ቀጭ» አለ። እልል የሚል አልነበረም።

«ጥሩ ሰው ነው የሠራው» አለች።

«አገር ለቋል» አለ አድማሴ በፍጥነት።

«ለምን ይጠቀሙበት ነበር?»

«ለሰርግ።»

«ሰርግ ላይ ምን ያደርጋል?»

አድማሴ የሚያውቀው ደች የትራም ደች ነው፤ ይነሱ፣ ይውረዱ፣ ይቅርታ፣ እርጥብ ነው። ስለ ጀግና፣ ስለ ዘር፣ ስለ ፈረስ ስም የሚያወራበት ቃል የለውም። «እጮኻለሁ» አለ። «ሰዎቹ ደስ ይላቸዋል።»

ፖሊሷ ጻፈችው፤ ሃያ ዓመት በአንድ መስመር አለቀ። «ሰው ላይ አነጣጥረውበት ያውቃሉ?»

አድማሴ እውነቱን ማሰብ ጀመረ። የሃያ ዓመት ሙሽሮች በዓይኑ አለፉ፣ ሚዜዎቹ፣ አማቾቹ። ጸሐይወርቅ ሳለች።

«ወደ ጣሪያ» አለ።

መሣሪያውን በፈቃዱ መልቀቁን የሚያረጋግጥ ቅጽ አቀረቡለት፣ ፈረመ። ብዕሩን ሳይመልስ የታፈነውን ጥያቄ አወጣው። «የመልካም ጠባይ ወረቀት አስገብቻለሁ። ይሄ ያበላሽብኛል?»

ባልደረቦቹ ተያዩ። «ራስዎ ደውለው በፈቃድዎ እንዳስረከቡ እጽፋለሁ» አለች ወጣቷ። «የወረቀቱን ነገር የሚወስነው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

ምንሽሩን በረጅም የወረቀት ከረጢት ከተው ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአድማሴ ቶሎ ቶሎ ሰላምታ መስጠት ጀመረች።

ሐሙስ ማታ አሸናፊ መጣ። የመጀመሪያ ዓይኑን የጣለው ግድግዳው ላይ ነው፤ ሁለት ምስማርና በዙሪያው ያልጠቆረ የቀለም ቅርጽ ብቻ አለ።

«የት አደረግኸው?»

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለፖሊስ።»

አሸናፊ ሳይጋበዝ ተቀመጠ። «ፖሊስ ቤትህ ጠርተህ። በገዛ እጅህ።»

«ነጥብ ስምንት አላልክም እንዴ?»

«እሱ ለመንግሥት የተጻፈ ነው እንጂ ለእኛ ነው እንዴ?» አሸናፊ ይህን ሲል ፊቱ ላይ አንዳችም የኀፍረት ምልክት አልነበረም፤ ከልቡ ነው የተናገረው። «አስበው እስቲ። ለስዊድኖቹ ምን ልበል? ፎካሪያችን ትጥቁን ፈታ ልበል?»

«እሱን በል።»

«እንግዲህ ያለ ምንሽር ከሆነ መቀመጫህ ከኋላ ነው፣ አድሜ። ከፊት ለታላላቆች ነው።»

«መቀመጫ ካለው ይበቃኛል» አለ አድማሴ።

ጸሐይወርቅ ከወጥ ቤት ሆና ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች። ሊቀመንበሩ የቀረበለትን ሻይ ሳይጠጣ ወጣ።

ቅዳሜ ከኋላ ተቀመጠ፣ የሕፃናት ጋሪ የሚቆምበት አጠገብ። ራት ከተነሳ በኋላ ሐምራዊት ራሷ ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ «ጋሼ፣ ና ፎክርልኝ፣ ለእኔ» አለችው። ተነሣ። ከበሮው ተመታለት፣ ክቡ ሰፋለት። «ዘራፍ» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ያው ድምፁ ነበር። እጆቹ ግን የሚሆኑትን አጡ። አንዱን ወገቡ ላይ ቢያደርገው ወጥ ቤት የቆመች ሴት መሰለ፤ ቢያወርደው ትራም የሚጠብቅ ሰው። መሃል ላይ ደርሶ፣ ያ ቀጭ የሚልበት ቦታ ላይ፣ ክቡ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀው፤ ምንም አልመጣም። አድማሴ ለሃያ ዓመት ሰዉ ያጨበጨበው ለእሱ ሳይሆን ለማሞቂያው ቧንቧ እንደነበር እዚያው ቆሞ ተረዳ። የቀረውን በአጭሩ ጨረሰ። እልልታው እንደ ቀጭን ወጥ ነበር።

«አይ አንተ» አለችው ወርቅዬ የምትባል የማኅበሩ አሮጊት፣ በአጠገቧ ሲያልፍ። «እንዲህ ሳያችሁ ለካ ሁላችሁም በእንጨቱ ነው የቆማችሁት።»

«እትዬ፣ እርስዎም በከዘራ ነው የቆሙት» አላት።

«እኔማ አልፎክር።»

ትክክል ነበረች። ሄዶ ተቀመጠ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ግንቦት አለቀ፣ ሰኔ ገባ። በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ የፖስታ ሳጥኑን ይከፍታል፤ የፒዛ ማስታወቂያ፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወሻ፣ የውኃ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ማኅበሩ ውስጥ «ፖሊስ የጠራው» ተብሎ ስም ወጣለት፤ ሰዎች እሱ ሲቀርብ ወሬ ይለውጣሉ፣ ምን የሚደብቁት ነገር እንዳላቸው ግን ማንም አይናገርም። ቀጣሪዋ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ደወለች። ሁለተኛው ላይ «ሌላ ሰውም እየጠየቀኝ ነው» አለች፣ በትሕትና፤ እዚህ አገር ሰው ከሥራ የሚገፋው በትሕትና ነው። አድማሴ «እሺ» አላትና ወደ ትራሙ ተመለሰ። ስድስት ደቂቃ። ጎንበስ ቀና። እውነቱን ተናግሮ ያበላሸው እንደሆነ፣ ዝም ቢል ኖሮ ማን ያውቅ ነበር እያለ፣ የድንች ጥብስ ይለቅማል። ሕግ የሚያከብር ሰው ቢያንስ እንቅልፍ ያገኛል የሚሉት ተረት ነው፤ አምስት ሳምንት አልተኛም።

በስድስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ደብዳቤ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ አነበበው፣ ያልገባውን መስመር ዘሎ። ጸሐይወርቅ ከላይ በሩን ከፍታ «ምን ይላል?» አለች።

«የሚያሰጋ ነገር የለበትም ይላል።»

«እኔ በነጻ እነግራቸው ነበር» አለችና ገባች። አድማሴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ግን ድካም ነው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በሙሉ፣ በአንድ ጊዜ።

የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር ሥራ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሚኒባሱ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ልጆቹን ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ። አሸናፊ ነው። ከሰርጉ ወዲህ ደውሎ አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አድማሴ ሰምቶት የማያውቅ ሰው ነው።

«አድሜ፣ ለአቋም መግለጫችን ከፓርላማ መልስ መጣልን።»

«ምን አሉ?»

«አመሰገኑን። በጣም ነው ያመሰገኑን። ከዚያ… ሕጉን አያይዘው ላኩልን። ሙሉውን። አነበብኩት።» ድምፁን ይብሱን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ ከኢስታንቡል ያመጣልኝ አንድ ነገር አለች። ድምፅ ብቻ ነው የምታሰማው፣ ለአዲስ ዓመት። ቁም ሳጥን ውስጥ ናት፣ ስምንት ዓመቷ።»

አድማሴ የትምህርት ቤቱን በር አየ።

«ያ የደወልክበት ቁጥር አለህ?»

ቁጥሩን ነገረው። አሸናፊ እየደገመ ጻፈ።

«ይዤያት ልሂድ ወይስ…»

«አትሸከማት። ይመጣሉ።»

«በደንብ ልብሳቸው ነው የሚመጡት? ጎረቤት ያያል?»

«ያያል።»

«አድሜ፣ አንተ ቤት በነበሩ ጊዜ ምን ምን ነበር የጠየቁህ? በል እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ…»

የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አድማሴ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። ሰባት ልጆች ይሳፈራሉ፣ ሰባት ቀበቶ ይታሰራል፤ ከዚያ የመጨረሻው ልጅ ቤት እስኪደረስ አርባ ደቂቃ መቀመጥ ነው።